«ባሏን ተከትላ»፦ ስንቅ፣ ርስትና የሥራ ፈቃድ

ውጭ አገር ላለ ሰው የተዳረች ልጅ ቪዛዋ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይደሰታል። «ባሏን ተከትላ ልትሄድ ነው» ይባላል። የምትሄድበት አገር ይጠራል፤ የባልየው ሥራ ይጠራል። እሷ እዚያ ምን ሠርታ እንደምትኖር የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። በውጭ ቋንቋ የተጻፈው ወረቀት ወደ አማርኛ ሲመለስም አንድ ቃል ይሰጣታል፤ «ጥገኛ» ይላታል። ይኸው ቃል በሆድ ውስጥ ለሚኖር ትል ጭምር የምንጠቀምበት መሆኑን አባሎቻችን ያውቃሉ።

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች በምናደርጋቸው ስብሰባዎች ይህ ጉዳይ ደጋግሞ ይነሳል። ልጆቻችን «ቪዛው በባሌ ስም የመጣ ነው፤ ስደርስ መሥራት እችላለሁ ወይ?» ይላሉ። እናቶች ደግሞ «ቢጣሉስ? ልጄ የት ትገባለች?» ይላሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትም ወደ ኋላ ሄደን የራሳችንን ታሪክ ለመጠየቅ ወሰንን። የዋግ ሴት ከዚህ በፊት ባሏን ተከትላ ስትወጣ ምን ሠራች? ሥራዋ ለማን ተቆጠረ? ትዳሩ ቢፈርስ መመለሻዋ ምን ነበር?

ስንቅ ይዛ የዘመተችው

በድሮ ዘመን ጦር ሲዘምት ቀለብ የሚያቀርብለት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ያ ስንቅ የሚፈጨው፣ የሚጋገረውና የሚጠመቀው ግን በሴት እጅ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ውስጥ የዋግ ሹም ጓንጉል ጦር ነበረበት። በዚያ ዘመቻ ሴቶች እህል ፈጭተዋል፤ ምግብ አብስለዋል፤ ውኃ ተሸክመዋል፤ ቁስለኛ አንስተዋል። ባሎቻቸውን ተከትለው የሄዱ ቢባልም፣ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ጦሩ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ንግዱም ሌላ መንገድ ነበር። ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ጠፍ መሬት የተቆረጠው አሞሌ በትግራይ በኩል በግመልና በበቅሎ፣ በአህያም እየተጫነ ይመጣል፤ ከሰቆጣም ወደ ሌላው አገር ይሻገራል። በእንዲህ ያለ የንግድ መንገድ ላይ የሚኖር ነጋዴ፣ ወታደርም ሆነ ሹም አንዳንዴ በደሞዝ ጋብቻ ሴት ይዞ ይጓዝ ነበር። በዚህ ጋብቻ ሴቲቱ ለምን ያህል ጊዜ አብራው እንደምትቆይና በገንዘብ፣ በልብስ ወይም በእህል ምን እንደሚከፈላት አስቀድሞ በምስክር ፊት ይነገራል። ክብሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰማንያ ካሠረችው ሚስት ጋር እኩል አትታይም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ምግብ ማብሰልና ቤት መያዝ ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑ ገና ከመነሻው በውል ይነገር ነበር።

በሰማንያ ያገባችውስ? እሷ የሚከፈላት ደሞዝ የላትም። በምትኩ ሁለት ነገር ነበራት። አንደኛው በትዳር አብረው ካፈሩት ሀብት ያላት ድርሻ ነው። ሁለተኛው ርስት ነው። በሰሜኑ ደጋ አገር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረሳል፤ ሴት ልጅም ትካፈላለች። በተግባር ወንድሞቿ መሬቷን ይዘው «አንቺማ ባል አለሽ» እያሉ ያስቸገሯት ብዙ ናት። ቢሆንም ባሏን ተከትላ ሦስት ቀን መንገድ ርቃ የሄደች ሴት ትዳሩ ቢበላሽ «ርስቴ» ብላ የምትመለስበት አገር ነበራት። ባሏም ይህን ያውቃል። ርስት ያላት ሚስት ስትናገር ትሰማለች።

በዚህ ጽሑፍ ደጋግመን የምንመለሰው ወደዚህ ነጥብ ነው። ሴቲቱ ባሏን ተከትላ መሄዷ ብቻውን አይጎዳትም። የሚጎዳት በእጇ የራሷ የሆነ ነገር ሳይኖር መሄዷ ነው።

«የቤተሰብ ኃላፊ»

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው እሱ ሆነ። ሕጉ ተጋቢዎች የመረጡትን ሥራ መሥራት ይችላሉ ቢልም፣ አንዱ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል የሌላውን ሥራ መቃወም እንዲችል ፈቀደ። በወረቀት ላይ ይህ ለሁለቱም የተሰጠ መብት ነው። አለቃው ባል በሆነበት ቤት ግን ማን ማንን እንደሚከለክል ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሽሮ፣ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ቃሉ ያማረ ነበር። የገበሬ ማኅበራት አባላትን ሲመዘግቡ ግን የጻፉት የቤተሰብ ኃላፊውን ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። እናቶቻችን በአያቶቻቸው ስም ይጠይቁት የነበረው ርስት ቀረ፤ በራሳቸው ስም የተመዘገበ መሬትም አላገኙም። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በስሟ ብትመዘገብም እንኳ በሬና አራሽ ስለሌላት እኩል አራሽ ለመስጠት ትገደድ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደረሰብን። ያንን ዘመን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መተረክ አያስፈልግም። ከዋግ የወረደው ሕዝብ ቆቦንና አላማጣን፣ በተለይም ኮረምን ሞላው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከዚያ የላኩት ምስል ዓለምን አስለቀሰ። መንግሥትም ሰውን ወደ ምዕራብ ማጓጓዝ ጀመረ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በአውቶቡስና በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል ተወሰደ። ከሁሉም የሚበዛው የወሎ ሰው ነው፤ የእኛ ዋግም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች።

ለብዙዎቹ እናቶቻችን የመጀመሪያው ሩቅ ጉዞ ይህ ነበር። አንዳንዷ ባሏ ስለተመዘገበ ተከትላ ሄደች። አንዳንዷ ባሏ ሲጫን እሷ ቀርታ ተለያዩ፤ ቤተሰብ መበታተኑ በዚያ ዘመን ብዙ የተነገረለት በደል ነው። በሰፈራው ጣቢያ ደግሞ አዲስ አሠራር ጠበቃቸው። በወል እርሻ የሠራ ሰው ሥራው በነጥብ ይመዘገብለታል፤ የዓመቱ ምርት የሚከፋፈለውም በነጥቡ ልክ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እህል መፍጨት፣ ልጅ ማሳደግ ነጥብ አልነበራቸውም። በደሞዝ ጋብቻ ዘመን ዋጋ የነበረው ሥራ በነጥብ ዘመን ዜሮ ሆነ።

ሴቶቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በየጣቢያው ዳር ትንንሽ ገበያ ተከፈተ። ጠላና አረቄ፣ ቡናና እንጀራ፣ እንጨትና ፈትል ይሸጥ ጀመር። ነጥብ የማያውቀው ገንዘብ በሴቶች መቀነት ገባ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪ ወደ ወሎ መመለስ ሲጀምር፣ ለመንገዱ መሳፈሪያ የሆነው ሳንቲም ከማን መቀነት እንደወጣ ከእናቶቻችን አፍ ሰምተናል።

ሁለት ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ በአጭሩ እንለፈው፤ አባሎቻችን በሕይወታቸው ያዩት ነውና። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የባል አለቅነት ተሻረ፤ ቤተሰቡን ሁለቱም በእኩልነት ይመራሉ ተባለ፤ የጋራ መኖሪያውንም ተስማምተው ይመርጣሉ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አጸደቀ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች የሕጉን ውጤት ሲያጠኑ፣ ለውጡ ቀድሞ በደረሰባቸው አካባቢዎች ያሉ ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ይበልጥ መሰማራታቸውን አይተዋል።

በዚያው ዘመን በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ ስማቸው ተጻፈ፤ ፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ተለጠፈ። ብዙ ሴት በሕይወቷ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ የተነሳችው ለዚህ ደብተር ነው። ርስት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል። በባልዋ ስም አጠገብ የእሷም ስም ገባ።

ባሕር ማዶ፦ ወረቀቱ ምን ይላል?

እንግዲህ ልጆቻችን የሚሄዱት ከዚህ ደብተር ዘመን ተነስተው ነው። የሚገቡበት አገር ሕግ ግን አንዳንዴ ወደ «የቤተሰብ ኃላፊ» ዘመን ይመልሳቸዋል።

ይህም ታሪክ አለው። በብዙ አገር ሴት ስታገባ ዜግነቷም የባሏን ይከተል ነበር። አሜሪካ በ1907 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የውጭ ሰው ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር፤ ያንን ሕግ ማፍረስ የተጀመረው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛም የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት ካገኘች ኢትዮጵያዊነቷን ታጣለች ይል ነበር። ይህ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቀርቷል። ዜግነቷ ነፃ ወጣ፤ ቪዛዋ ግን አሁንም በብዙ ቦታ የባሏን ይከተላል።

ቪዛ ሁሉ አንድ አይደለም። ልዩነቱን በምሳሌ እናሳይ።

አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ ስታወጣ፣ በስደተኝነት የተቀበለችው ሰው ሚስትም እሱ ያገኘውን ፈቃድ እንድታገኝና እንድትሠራ ደነገገች። በሱዳን አልፈው የሄዱ ወገኖቻችን በዚህ በር ገብተዋል። በዲቪም እንዲሁ ነው፤ ባለዕድሉ ያስመዘገባት ሚስት አብራው የምትቀበለው የራሷን ግሪን ካርድ ነው። ያገባ ሰው ሚስቱን በማመልከቻው ላይ ሳይጽፍ ቢቀር ግን ዕድሉ ራሱ ይሰረዛል። ስሟ መጻፉ የሁለቱም ጉዳይ ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ባሏ አሜሪካ የሚማር ከሆነ የተማሪ ሚስት የምትገባበት ኤፍ-2 የተባለው ቪዛ ሥራን ጨርሶ ይከለክላል። ባሏ ኤች-1ቢ በተባለው የባለሙያ ቪዛ የሚሠራ ከሆነ የእሷ ቪዛ ኤች-4 ይባላል። የኤች-4 ሚስቶች፣ ሐኪምም ይሁኑ መሐንዲስ፣ ለአሥርት ዓመታት ቤት እንዲቀመጡ ተገደው ኖረዋል። አብዛኞቹ የሕንድ ተወላጆች ናቸው። ተሰባስበው ጮኹ፤ ጻፉ፤ ባለሥልጣናትን አነጋገሩ። ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሎቻቸው በቋሚ ነዋሪነት ሂደት የተወሰነ ደረጃ የደረሱላቸው ሚስቶች የሥራ ፈቃድ እንዲጠይቁ ተፈቀደ። ደንቡ በፍርድ ቤት ለዓመታት ሲሞገት ቆይቷል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው፣ በሩ የተከፈተው ሴቶቹ ተደራጅተው ስለጠየቁ መሆኑ ነው።

ጀርመን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትዳር ጓደኛ ከመምጣቷ በፊት፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ጀርመንኛ እንድታውቅ ትጠይቃለች። ፈተናው በአዲስ አበባ በጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። በቤተሰብ ማገናኘት የገባች ሚስት ግን ሌላ ፈቃድ ሳትጠይቅ መሥራት ትችላለች። በዚያ አገር በትዳር 3 ዓመት ከቆየች ደግሞ ቢፋቱም በራሷ ስም የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች፤ በደል ከደረሰባት ሦስቱን ዓመት ሳትጨርስም የሚታይላት መንገድ አለ።

ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራ ሰው ሚስት የምትይዘው የመኖሪያ ወረቀት «ሙራፊቅ» ይላታል፤ አብራ የመጣች፣ አጃቢ ማለት ነው። በዚያ ወረቀት ሥራ መሥራት በአብዛኛው አይፈቀድም ነበር። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ለእያንዳንዱ አጃቢ በየወሩ የሚከፈል ግብር ተጥሏል። ብሪታንያ ደግሞ የሠራተኛ ሚስት እንድትሠራ ትፈቅድ ነበር፤ አሁንም ለብዙዎች ትፈቅዳለች። ነገር ግን ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአረጋውያንና ለሕሙማን እንክብካቤ ሥራ አዲስ የሚገቡ ሰዎች የትዳር ጓደኛና ልጅ ይዘው እንዳይመጡ ከልክላለች። ሕጉ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ዓምና የሄደችው የነገረችን ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር እናያለን። «የሚስት ቪዛ» የሚባል አንድ ነገር የለም። አንዱ ወረቀት የራስ ርስት ይሰጣል፤ ሌላው በባል ደጃፍ ብቻ ያስቀምጣል። የምትሄደዋ ልጅ የያዘችው የትኛውን እንደሆነ ሳታውቅ ከአውሮፕላን መግባት የለባትም።

ከፈቃዱ በኋላ ሥራው

ፈቃድ ማግኘት ሥራ ማግኘት አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በብዛት የጀመሩት በሆቴል ጽዳት፣ በምግብ ቤት፣ በሕፃናት ጥበቃ፣ በአረጋውያን ቤትና በነርስ ረዳትነት ነው። ከእነሱ መካከል እዚህ መምህርት ወይም የጤና ባለሙያ የነበረች አትጠፋም። ዲፕሎማዋ እዚያ እስኪመዘን፣ ቋንቋዋ እስኪፈታ፣ ልጇን የሚይዝላት ሰው እስክታገኝ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ መካከል የመጀመሪያዋን ሥራ የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በእድር፣ በእቁብ፣ ቀድማ ከሄደች የአገር ልጅ።

ይህን የተረዱ ወገኖች በ1983 እ.ኤ.አ. አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ ዲቨሎፕመንት ካውንስል የተባለውን ድርጅት መሥርተዋል። ሲጀመር ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ለመርዳት ነበር፤ ኋላ ከሌላ አገር የመጡትንም ተቀበለ። ለአዲስ መጤዎች አነስተኛ የንግድ ብድር የሚሰጥ ክፍልም አለው። የእኛ የቁጠባ ሣጥን ሐሳብ በሌላ አገር ምን መልክ እንደያዘ ማየት ደስ ይላል።

የዋግ ልጅ በዚህ ላይ አንድ ብልጫ አላት። ብዙዎቻችን በቤት በኽምጣኛ አፋችንን ፈትተን በትምህርት ቤትና በገበያ አማርኛ ተምረናል። ሁለተኛ ቋንቋ ተምሮ፣ ሰው ስቆብን ሳንፈራ ተናግረን ገበያ የማደር ልምድ አለን። ሦስተኛው ቋንቋ ከሁለተኛው አይከብድም።

እኛ ምን እናድርግ?

አባሎቻችን ልጅ ለመዳር ሲዘጋጁ ስለ ልብስና ስለ ድግስ ብዙ እንመካከራለን። ከዚያው ጋር የሚከተሉትን እንድንመካከር እንጠይቃለን።

ጋብቻው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ ሕጋዊ ነው፤ ኤምባሲ የሚጠይቀው ግን የምዝገባውን ወረቀት ነው። ዋናው ወይም ሕጋዊ ቅጂው በሙሽራዋ እጅም ይኑር።

የትምህርት ማስረጃዋ ከመሄዷ በፊት ይረጋገጥ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሁሉ ይሰብሰብ። «ለምን ይጠቅማታል» አንበል፤ ከሄደች በኋላ ከሰቆጣ ማስረጃ ማስላክ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከሩ ያውቁታል።

የቪዛዋ ዓይነት ይጠየቅ። ባልየው «መሥራት ትችያለሽ» ማለቱ በቂ አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይነበብ። ፓስፖርቷን ራሷ ትያዝ። በደል ቢደርስባት የምትደውልበትን ቁጥር ይዛ ትሂድ። አሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በሆነ ባሏ የተበደለች ሚስት ያለ እሱ ፈቃድ ለራሷ እንድታመለክት የሚያስችል ሕግ አላት። ይህን ሳያውቁ ዓመታት የታገሡ አሉ።

በስሟ መሬት ካላት ስትሄድ በማን እጅ እንደምትተወው በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይደረግ። ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፏ ከእሷ ጋር አይሄድም፤ መብቷ ግን ሊጠበቅ ይገባዋል።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። ማንንም ወደ ውጭ ለመላክ ገንዘብ አንጠይቅም፤ የምንፈልገው ለሚሄዱትም ለሚቀሩትም የሚጠቅም ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ለነርስ ረዳትነትና ለሕፃናት እንክብካቤ መሠረታዊ ሥልጠና፣ ወረቀት ለማንበብ የምትረዳ አንዲት የሕግ ባለሙያ በወር አንድ ቀን። ይህን ሥልጠና የወሰደች ልጅ ቪዛዋ ባይመጣም ሰቆጣ ሆስፒታል አጠገብ ወይም በራሷ ቤት ሥራ ትጀምርበታለች።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን ወደ ውጭ ለመሄድ በዝግጅት ላይ ያሉ የአባሎቻችን ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠርተናል። እናቶችም አብራችሁ ኑ። ወረቀቱን አንድ ላይ እናነባለን።